ልጆቻችን ግጥም ይሸመድዳሉ እንጂ አይገጥሙም

"ልጅን በዘፈን አስተምረው" የሚለው ምክር በእኛ በስደተኞቹ ዘንድ ማንም የማይከራከርበት እውነት ሆኗል። እኔም ምክሩን አልቃወምም፤ የምቃወመው አፈጻጸሙን ነው። እዚህ ቶሮንቶ በየበዓሉ ልጆቻችን ጥበብ ለብሰው መድረክ ይወጣሉ፤ ያጠኑትን ግጥም በዜማ ያወርዱታል፤ ወላጅ በስልኩ ይቀርጻል፤ ይጨበጨባል። ከመድረክ ሲወርዱ ግን ስለ ስንኙ አሠራር ብትጠይቋቸው መልስ የላቸውም። ማን አስተምሯቸው! ግጥሙ የቃል ጥናት፣ ሙዚቃውም የመድረክ ጌጥ ሆኖ ቀርቷል።

ካናዳ ለዚህ ዓይነቱ ትርዒት የተመቸች አገር ናት። የብዝኃ ባህል ፖሊሲዋን እ.ኤ.አ. በ1971 አውጃለች፤ ኦንታሪዮም በ1977 የቅርስ ቋንቋዎች ፕሮግራም ጀምራለች። መልካም ነው። ይሁን እንጂ "ቅርስ" የሚለው ቃል ራሱ ወጥመድ አለበት። ቅርስ ይጠበቃል፣ ይጎበኛል እንጂ እንደ አዲስ አይሠራም። ግጥም ግን በየጊዜው ካልተሠራ ሙት ነው።

በእኔ እምነት ሙዚቃ ለአማርኛ ግጥም ትምህርት የሚያስፈልገው ለማጣፈጫ አይደለም። ፊደላችን የሚደብቀውን ነገር ጆሮ ስለሚገልጠው ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ መንግሥቱ ለማ ስለ አማርኛ ግጥም አሠራር የጻፉት ጥናት በ1963 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለምሳሌ ያህል እኔው የገጠምኳትን እነሆ፦

ከቤታችን ደጃፍ በረዶ ሲከመር፣
እናቴ ቡና ላይ ወግ ትጀምር ነበር።

የመጀመሪያው ስንኝ 15 ፊደል አለው፤ ሁለተኛው 16። በዓይን ሲታይ እኩል አይደሉም። እያጨበጨባችሁ ስትሉት ግን ሁለቱም 12 ቀለም ናቸው፤ ስድስት ብሎ አረፍ፣ ስድስት ብሎ ቤት። የወል ቤት የምንለው ይኸው ነው። ድምፅ የሌለው ሳድስ ፊደል ለብቻው እንደማይቆጠር ለአሥር ዓመት ልጅ በሰሌዳ ላይ ከማስረዳት፣ ጠረጴዛውን እንደ ከበሮ እየመታ እንዲያገኘው ማድረግ ይቀላል።

ቤት መምታትም እንዲሁ ነው። ልጆቻችን በራፕ አድገዋልና ለግጥም እንግዳ አይደሉም። ነገር ግን የለመደው ጆሯቸው "ሰማ"ን ከ"ጠራ" ጋር ያጋባል፤ የመጨረሻው አናባቢ አንድ ስለሆነ ይበቃዋል። የአማርኛ ጆሮ በዚህ አይረካም፤ "ሰማ" የሚፈልገው "ቀማ"ን ነው። ማጥበቅና ማላላትም አለ። "ገና" ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው። ጽሕፈታችን ልዩነቱን አያሳይም፤ በዜማ ሲባል ግን ይሰማል። ሰምና ወርቅ ከሚፈለቀቅባቸው በሮች አንዱ ይኸው አይደለምን?

የቡድን ሥራውንም ከፈረንጅ የትምህርት መጽሐፍ መቅዳት አያስፈልገንም። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲጨፈር አውራጁ ያወርዳል፣ ጓደኞቹ ይቀበሉታል፤ ጎበዝ አውራጅ ደግሞ እንደ ባለቤቱ ስምና ጠባይ ግጥሙን እዚያው ይቀይረዋል። በአዝማሪ ቤትም ታዳሚው "ተቀበል!" ብሎ ስንኝ ያቀብላል፤ አዝማሪው በመሲንቆው ያዜመዋል። እንግዲህ ክፍሉን በአራት በአራት እንክፈለው፤ አንዱ ምት ይምታ፣ አንዱ ቀለም ይቁጠር፣ ሁለቱ ይግጠሙ። አንዱ ቡድን የመጀመሪያውን ስንኝ ይስጥ፤ ሌላው ቤቱን ይምታ። ስለ ላሊበላ ብቻ ሳይሆን ስለ በረዶው፣ ስለ ባቡሩ፣ በሁለት ፈረቃ ስለሚሠራው አባት ይግጠሙ።

"አማርኛውን ሳያውቁት እንዴት ይገጥማሉ?" የሚል ተቃውሞ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። መልሱ ያለው ቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ የሚቀኘው በግእዝ ነው፤ ግእዝ ደግሞ የማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም። ቢሆንም ቋንቋውን እስኪጨርስ አይጠብቅም፤ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ በዜማ ልክ እየለካ፣ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። ቋንቋውን የሚያውቀው እየተቀኘ ነው። እርግጥ እርሱ ሌት ተቀን ይማራል፤ የእኛዎቹ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ አላቸው። ስለዚህ መወድስ አንጠብቅ። ሁለት ስንኝ ግን ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዜማ ገመና ይሸፍናል። ዘፋኝ የጎደለውን ቀለም በድምፁ ስቦ፣ የተረፈውን ውጦ ያልፋል። ስለዚህ የቡድኑ ግጥም ከተዘፈነ በኋላ ዜማው ተነሥቶ በንባብ ብቻ ይሰማ። በንባብ ከቆመ ግጥም ነው፤ ከወደቀ ተመልሶ ይሠራ። ይህ ፈተና በሌለበት የሙዚቃ ትምህርቱ ጭፈራ ሆኖ ይቀራል።

የዚህ ከተማ ልጅ አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊክንድ የሚባለው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣውን "ዘ ሂልስ" የሚጨርሰው በአማርኛ ነው። በዓመቱ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ግእዝ እንዲያስተምር 50,000 ዶላር ሰጠ፤ ትምህርቱም በ2017 ተጀመረ። አማርኛ በዓለም መድረክ ላይ በጥቂት ቃላት ብልጭ ሲል ሁላችንም ደስ ብሎናል። ጥያቄው ከእርሱ በኋላ የሚመጡት በጥቂት ቃላት ይወሰናሉ ወይስ ሙሉ ስንኝ ይሠራሉ የሚለው ነው። መልሱ ያለው በየቅዳሜው በምናስተምርባቸው ክፍሎች ውስጥ ነው። ለሚቀጥለው በዓል ልጆቹ መድረክ ሲወጡ፣ ቢያንስ አንዲት ራሳቸው የገጠሟት ስንኝ ይዘው እንዲወጡ እንጠይቃቸው። ብትንገዳገድም የእነርሱ ናት።

ቸር ያሰማን።