ከካርቶኑ ጋር የሚጣለው ወረቀት

የመታጠቢያ ቤት አየር ማስወጫ ፋን ተገጥሞ ሲያልቅ ባለቤቱ ሥራውን የሚረከበው ብዙውን ጊዜ በአንድ ፈተና ነው፤ ማብሪያው ይጫናል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ገንዘቡ ይከፈላል። መዞሩ ግን ስለ ሥራው ጥራት የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ፌዝና ኒውትራል አግኝቶ የማይዞር ጤነኛ ሞተር የለም። ኒውትራሉ ከሌላ መስመር የተወሰደ ቢሆን፣ በሽቦው መግቢያ ውሃ የሚያስገባ ክፍተት ቢቀር፣ እንፋሎቱ ወደ ጎረቤት ቢገፋ፣ ፋኑ በመጀመሪያው ቀን እንደ ማንኛውም ፋን ይዞራል። ስለዚህ ጥሩውን ሥራ ከመጥፎው መለየት የሚፈልግ ሰው ሌላ መለኪያ ያስፈልገዋል። እኔ የማስቀድመው ባለሙያው በካርቶኑ ውስጥ የመጣውን የአምራቹን መመሪያ ምን አደረገው የሚለውን ነው። አንብቦ ከተረዳው ምልክቱ በሥራው ላይ በየቦታው ይታያል፤ ከካርቶኑ ጋር አብሮ ከጣለውም እንዲሁ ይታያል።

ወረቀቱን ይህን ያህል የማከብረው በአንድ ፋን ላይ ሁለት የተለያዩ እውቀቶች ስለሚገናኙ ነው። አንደኛው የሕንፃው እውቀት ነው፦ የሽቦው ውፍረት፣ የብሬከሩ አምፔር፣ የመሬት ሽቦው፣ ከውሃ ያለው ርቀት። ይህን የሚገዛው የኤሌክትሪክ ሥራ ኮድ ነው፤ ሠልጥኖ የወጣ ባለሙያም በቃሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው የዕቃው እውቀት ነው፦ የዚህ ሞዴል ሞተር በምን ዓይነት ኩሽኔታ ላይ ይዞራል፣ ሰዓት ቆጣሪው ስንት ሽቦ ይፈልጋል፣ ውሃ የሚከላከለው እንዴት ሲገጠም ነው፣ ምን ያህል ርዝመት ባለው ቱቦ አየር መግፋት ይችላል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቀው ዕቃውን የሠራው ነው። በፋኑ ላይ የታተመው የደኅንነት ምልክትም የሚጸናው ፋኑ በመመሪያው በተጻፈው መንገድ እስከተገጠመ ድረስ ነው። የረጅም ዘመን ልምድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ስለ ሽቦ ሥራ ከአምራቹ መሐንዲስ የበለጠ ሊያውቅ ይችላል። ትናንት ገበያ ስለገባ ሞዴል ግን ልምዱ የሚሰጠው ግምት ብቻ ነው።

ልዩነቱ በግልጽ የሚወጣው ሰዓት ቆጣሪ ባለው ፋን ላይ ነው። በአዲስ አበባ በብዙ አፓርታማዎች መታጠቢያ ቤቱ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት የለውም፤ ያለችውም ትንሽ መስኮት የምትከፈተው ወደ ሕንፃው የአየር ሻፍት ነው። እንዲህ ላለ ክፍል የሚስማማው መብራቱ ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ደቂቃዎች የሚቀጥል ፋን ነው፤ በእንግሊዝ የሕንፃ አየር ማናፈሻ መመሪያ መስኮት ለሌለው መታጠቢያ ቤት 15 ደቂቃ ተቀምጧል። ሰው ታጥቦ ሲወጣ እንፋሎቱ ገና ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ግድግዳውም ወለሉም እርጥብ ናቸው። ይህን ሥራ ለመሥራት ፋኑ ሁለት ፌዝ ይፈልጋል፤ አንዱ ምንጊዜም የማይቋረጥ፣ ሌላው ከመብራቱ ማብሪያ የሚመጣ፣ ከእነሱም ጋር ኒውትራል። መመሪያው ይህንኑ በሥዕል ያሳያል። ግድግዳው ውስጥ ሁለት ሽቦ ብቻ ያገኘ ቸኳይ ባለሙያ ሁለቱን የፌዝ ተርሚናሎች በቁራጭ ሽቦ ያገናኛቸዋል። ፋኑ ከመብራቱ ጋር ይነሳል፣ ከመብራቱ ጋር ይቆማል። ባለቤቱ ገንዘብ የከፈለበት ሰዓት ቆጣሪ ያለ ሥራ ይቀመጣል፤ በኋላ ኮርኒሱ ላይ ጥቁር ሻጋታ ሲወጣ ጥፋተኛ የሚባለው ቀለሙ ነው። ከዚህ የከፋው የኒውትራል ብድር ነው። በማብሪያው ሳጥን ውስጥ ኒውትራል ሲታጣ በቅርብ ካለው የሶኬት መስመር ይወሰዳል። ከዚያ ወዲያ የሶኬቱን ብሬከር አጥፍቶ ኒውትራሉን የሚፈታ ሰው በፋኑ በኩል የሚመጣ ኤሌክትሪክ ያገኘዋል፤ እሱ ግን መስመሩን አጥፍቻለሁ ብሎ አምኗል። ከመስመሮቹ በአንዱ ላይ በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ የሚወርድ መከላከያ ካለ ደግሞ መብራቱ በበራ ቁጥር ይወርዳል፤ ትክክለኛ ሥራውን እየሠራ ሳለ ተበላሽቷል ተብሎ ይነቀላል።

ወረቀቱን ማንበብና ወረቀቱን መረዳት እንደሚለያዩ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ የፊውዙ ነገር ነው። ለብሪታንያ ገበያ በሚሠሩ ብዙ ፋኖች መመሪያ ላይ መስመሩ በ3 አምፔር ፊውዝ ይጠበቅ የሚል ትእዛዝ አለ፤ የዚያ አገር ባለሙያዎችም ያስፈልጋል፣ አያስፈልግም እያሉ ሲከራከሩበት ኖረዋል። አያስፈልግም የሚሉት ጠንካራ ነጥብ አላቸው። 20 ዋት የሚፈጅ ፋን በ220 ቮልት የሚስበው 0.09 አምፔር ገደማ ነው። በአቧራ ታፍኖ ምላጩ ቢቆም እንኳ እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር የሚስበው ኤሌክትሪክ ከወትሮው ብዙም አይጨምርም፤ ሞተሩ እየጋለ ሳለ የመስመሩ 10 አምፔር ብሬከርም ሆነ 3 አምፔሩ ፊውዝ ምንም አያዩም። ከዚያ አደጋ የሚጠብቀው በሞተሩ የሽቦ ጥቅል ላይ የተቀመጠው የሙቀት መቁረጫ፣ ወይም እየጋለም እንዳይቃጠል ሆኖ የተጠቀለለው ጥቅል ራሱ ነው፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ ማጽዳት። እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው። ይሁንና ፊውዙ የታዘዘው ለዚህ አይደለም። ፋኑ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎችና የሰዓት ቆጣሪው ሰሌዳ ለግድግዳ ሽቦ ታስቦ የተመረጠ ብሬከር የሚያሳልፈውን ኃይል የሚችሉ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ድንገት ሾርት ሲፈጠር ትንሹ ፊውዝ ቀድሞ ይቆርጣል። ይህን የተረዳ ሰው ፊውዙን የት እንደሚያስቀምጥም ያውቃል። በማይቋረጠው ፌዝ ላይ ብቻ ቢያስቀምጠው ከማብሪያው የሚመጣው ሁለተኛው ፌዝ ያለ ጥበቃ ወደ ፋኑ ይገባል። ስለዚህ ፊውዙ ከማብሪያው በፊት ይሆንና የክፍሉ መብራትም ፋኑም በእሱ በኩል ያልፋሉ። ፊውዝ ገጥሞ ግማሹን መንገድ ክፍት የተወ ባለሙያ መመሪያውን እንዳየ እንጂ እንዳልገባው ያስታውቃል።

ውሃን በተመለከተ ኮዱና ወረቀቱ አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ናቸው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለመታጠቢያ ቤት ባወጣው ደረጃ ክፍሉ በቀጠና ይከፈላል፤ ከገንዳው ወይም ከሻወሩ በላይ ከወለል እስከ 2.25 ሜትር ያለው ቀጠና 1፣ ከጠርዙ ቀጥሎ ያለው 60 ሳንቲ ሜትር ቀጠና 2 ነው። በሁለቱም ውስጥ የሚገጠም ዕቃ ከየአቅጣጫው ከሚረጭ ውሃ የሚከላከል፣ ማለትም ቢያንስ አይፒኤክስ4 መሆን አለበት። ለእኛ ቤቶች ይበልጥ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል ነው፦ ሻወሩ የራሱ መቆሚያ ሳህን ከሌለውና ውሃው በቀጥታ ወለሉ ላይ የሚፈስ ከሆነ ቀጠና 1 ከውሃ መውጫው እስከ 1.20 ሜትር ይሰፋል። በትንሽ መታጠቢያ ቤት ይህ አብዛኛውን ክፍል ይይዛል። የኮዱ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። በፋኑ ላይ የታተመው ቁጥር ግን የሚሠራው መቼ እንደሆነ የሚናገረው ወረቀቱ ነው። ግድግዳ ላይ ሲገጠም የተሰጠው ደረጃ ኮርኒስ ላይ ሲገጠም የሚቀንስ ፋን አለ፤ ኩሽኔታው ቆሞ ለሚዞር ዘንግ ስላልተሠራ ኮርኒስ ላይ እንዳይገጠም የሚከለከልም አለ። ሽቦው የሚገባበት ስስ ጎማ በጠባቡ ተበስቶ ሽቦውን ሊያቅፍ ይገባል፤ በቢላ ተቀዶ ከተተወ የታተመው ቁጥር ትርጉም የለውም። ሽፋኑን ከፍቶ ይህችን ጎማ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጎማዋ ባለሙያው በሌሎች በማይታዩ ቦታዎች እንዴት እንደሠራም ብዙ ትናገራለች።

ከሽቦው ይልቅ የሚረሳው የአየሩ መንገድ ነው። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው በሰዓት ይህን ያህል ኪዩቢክ ሜትር የሚለው ቁጥር ፋኑ ያለ ቱቦ፣ በነጻ አየር የሚሰጠው ነው። የተሸበሸበ ረጅም ቱቦና ሁለት ስለታም ማጠፊያ ሲጨመሩበት የሚቀረው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ መመሪያው የሚፈቀደውን የቱቦ ርዝመት የሚጽፈውም ለዚህ ነው። ፋኑ ሊያስወጣ የሚችለው ወደ ክፍሉ የሚገባውን ያህል ብቻ በመሆኑ ከበሩ ሥር ክፍተት ያስፈልጋል፤ በእንግሊዝ መመሪያ 76 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው በር 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሻፍቱ የብዙ ቤቶች የጋራ ሲሆን ፋኑ ሲቆም የሚዘጋ ክዳን ከሌለ የታችኛው ቤት ሽታ ወደ ላይኛው ይገባል። ደግሞም በብዙ ፋኖች መመሪያ ላይ የሚገኝ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ጋዝ ወይም ሌላ ነዳጅ የሚያነድ፣ በጭስ ማውጫ የሚተነፍስ ዕቃ ካለ ጭሱ ወደ ቤት ተመልሶ እንዳይሳብ ጥንቃቄ ይደረግ ይላል። በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ባለበት ቤት ይህችን መስመር የዘለለ ሰው በካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ሊገድል ይችላል። የቤቱን ሽቦ ብቻ የሚመለከት ፈተና ይህን አደጋ አያገኘውም።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆኑ ተቃውሞዎች ይነሳሉ። መመሪያው የተጻፈው አምራቹን ከክስ ለማዳን ነው ይባላል። በከፊል እውነት ነው፤ ማስጠንቀቂያው በዝቶ ዋናው ነገር የሚቀበርበት ወረቀት ብዙ ነው። ይህ ግን ዋናውን ፈልጎ የሚያወጣ ባለሙያ ያስፈልጋል ማለት ነው እንጂ ወረቀቱ ይጣል ማለት አይደለም። አገሮችም በዚህ ጉዳይ አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮድ በአንቀጽ 110.3 የምስክር ምልክት ያለው ዕቃ በምስክሩ በተካተተው መመሪያ መሠረት መገጠም አለበት ብሎ ያስገድዳል። ውጤቱን በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ቤት የሚያድሱ ወገኖቻችን ያገኙታል፤ ከሻወር በላይ የሚገጠም ፋን ሰውን ከመያዝ በሚጠብቅ መቁረጫ መስመር ላይ ይሁን የሚለው ግዴታ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከፋኑ ወረቀት ነው፤ ተቆጣጣሪውም በዚያው ሥራውን ሊጥል ይችላል። የብሪታንያ የሽቦ ደንብ በአሁኑ እትሙ የአምራቹ መመሪያ ከግምት ይግባ ነው የሚለው፤ ለባለሙያው ፍርድ ቦታ ይተዋል። እኔ ወደ ብሪታንያው አዘነብላለሁ፤ ነገር ግን ያላነበቡትን ከግምት ማስገባት አይቻልም። ከወረቀቱ መውጣት መብት የሚሆነው ለምን እንደወጣ መናገር ለሚችል ሰው ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የመሬት ሽቦው ነው። ብዙ የመታጠቢያ ቤት ፋኖች ድርብ ሽፋን ስላላቸው መመሪያቸው የመሬት ሽቦ አያስፈልግም ይላል። ይህን እንደ ፈቃድ ወስዶ ሽቦውን ከሥሩ የሚቆርጥ አለ። ጎበዙ ባለሙያ ፋኑ ላይ አያስረውም፤ ግን በመያዣ አስሮ፣ ጫፉን ሸፍኖ እዚያው ያቆየዋል፤ የሚቀጥለው ፋን የብረት አካል ሊኖረው ይችላልና። ሌላው ተቃውሞ መመሪያው በቻይንኛ ወይም በቱርክኛ ነው የሚለው ነው። ቅሬታው እውነተኛ ነው፤ አስመጪዎች በአማርኛ አንድ ገጽ ሊጨምሩበት ይገባል። ሆኖም የሽቦ ሥዕሉ፣ ቮልቱ፣ ኸርዙና የአይፒ ቁጥሩ ለባለሙያ ትርጉም አያስፈልጋቸውም። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ፋን ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ካለ ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ የእኛን 50 ኸርዝ ግን አይቀይረውም። ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ ከታሰበው በላይ ይግላል። ይህን አይቶ አልገጥምም የሚል ኤሌክትሪሺያን ክፍያ ይገባዋል።

ሥራውን ሲረከቡ ታዲያ መጀመሪያ ወረቀቱን ይጠይቁ፤ ለቤቱ የተተወ መመሪያ የፋኑን ቀጣይ ጽዳትና ጥገና የሚመራ ሰነድ ነው። ከዚያ ፋኑን ከነሁለቱ ፌዞቹና ከነኒውትራሉ የሚያጠፋው ማቋረጫ የት እንዳለ ባለሙያው ያሳይዎት፤ ፌዝ ብቻ የሚቆርጥ የመብራት ማብሪያ ለዚህ አይበቃም፤ ማቋረጫውም ከሻወሩ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ አይሁን። መስመሩ ተቋርጦ፣ ባለሙያው በቴስተር አረጋግጦ ሽፋኑን ሲከፍት ከተርሚናሉ ውጭ የሚታይ ራቁት መዳብ እንዳይኖር፣ ሽቦው በማሰሪያው መያዙን፣ ጎማው ማቀፉን ይመልከቱ። ተዘግቶ ሲነሳ መብራቱን አጥፍተው ፋኑ የሚቀጥልበትን ጊዜ ይጠብቁ። በመጨረሻ በሩን ዘግተው አንድ ቅጠል ሶፍት ወደ ፋኑ ያስጠጉ። ከተጣበቀ አየሩ መንገድ አግኝቷል። በሩ ሲከፈት ብቻ የሚጣበቅ ከሆነ የጎደለው ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት ነው፤ ተከፍቶም ከወደቀ ቱቦው እንዲታይ ክፍያው ይቆይ።