ሦስት ፊደል በአንድ ስክሪን፦ የጅግጅጋ ድረ ገጾችና የመሣሪያ ምርጫ

በጅግጅጋ አንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ወይም የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ መልእክቱ ብዙ ጊዜ ለሕዝብ የሚደርሰው ፎቶ ሆኖ ነው። ከላይ አርማ፣ ከሥሩ ሶማልኛ በላቲን ፊደል፣ ቀጥሎ አማርኛ፣ አንዳንዴም ከዳር በኩል አንድ መስመር ዐረብኛ፤ ከግርጌ ስልክ ቁጥርና ማኅተም። ይህ ሁሉ በአንድ የጄፔግ ፋይል ታሽጎ ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም ይላካል። ድረ ገጽ ካለም ያው ፎቶ እዚያ ይሰቀላል። የማተሚያ ቤት ልምድ ያለው እጅ ስለሠራው ያምራል። ከሳምንት በኋላ በጉግል የሚፈልገው ሰው ግን የማግኘት ዕድሉ የመነመነ ነው። ዐይነ ሥውር አንባቢም ስልኩ እንዲያነብለት ቢያዘው፣ ምስል መኖሩን ከመስማት ያለፈ የሚያገኘው የለም።

ስለ ግራፊክስና ድረ ገጽ መሥሪያዎች የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በፕሮግራም ስም ይጀምራል፦ ፎቶሾፕ ወይስ ካንቫ፣ ዎርድፕሬስ ወይስ በእጅ የተጻፈ ኮድ። በሶማሌ ክልል ላሉት ለጅግጅጋ፣ ለአውበሬ፣ ለቶጎ ውጫሌ፣ ለደምበልና ለሺንሌ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ይቅር ወይስ ወደ ሥዕል ይለወጥ? ሦስት ዓይነት ፊደል ጎን ለጎን በሚነበብበት አካባቢ የመሣሪያ ምርጫ መመዘን ያለበት በዚህ ጥያቄ ነው። በዚህ ሚዛን ዛሬ በከተማው የሰፈነው አሠራር ቀልሎ ይገኛል።

ልማዱ የመጣው ግን ከስንፍና አይደለም። የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒውተር የገባው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ፍስሐ አጥላው ባሉ መሐንዲሶች ጥረት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና መሰሎቻቸው እያንዳንዳቸው ፊደላችንን ለላቲን ሆሄያት በተመደቡ ቁጥሮች ላይ በየራሳቸው መንገድ ደለደሉት። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መመዘኛ በ3.0 እትሙ እ.ኤ.አ. በ1999 ለግዕዝ የራሱን ቁጥሮች ሲሰጥ ችግሩ በመርሕ ደረጃ ተፈታ። በተግባር ግን ገና ብዙ ዓመት ቀረው፤ ምክንያቱም ስልኮቹ ፎንቱ አልነበራቸውም። አማርኛ በስልክ ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታይ በነበረበት ዘመን፣ ኦፔራ ሚኒ ላይ የተሸሸገ ማስተካከያ ከፍተው ፊደሉ ከሰርቨር በሥዕል መልክ እንዲመጣላቸው ያደረጉ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ባለ ጊዜ ማስታወቂያን በፎቶ መላክ አስተዋይነት ነበር።

ያ ምክንያት ዛሬ የለም። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የተባለውን ፎንት አምጥቷል፤ ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት አቢሲኒካ የተባለውን በነፃ ያድላል፤ ጉግል ከሞኖታይፕ ጋር ያዘጋጀው የኖቶ ቤተሰብ ኢትዮፒክንም ዐረብኛንም ይዟል። በገበያ ላይ ያለ ተራ አንድሮይድ ስልክ ግዕዝን ያለ ምንም ጭነት ያሳያል። ምክንያቱ አልፎ ልማዱ ብቻ ቀርቷል።

ሶማልኛን በተመለከተ ጉዳዩ ከመነሻውም የተለየ ነው። ቋንቋው እ.ኤ.አ. በ1972 በሶማሊያ በይፋ የላቲን ፊደልን ሲይዝ፣ ከላይም ከታችም ምልክት የማይጨምር አጻጻፍ ተመረጠለት፤ ረጅም አናባቢ በድርብ ሆሄ ይጻፋል፣ ሌሎች ድምፆችም ባሉት የላቲን ሆሄያት ይወከላሉ። ስለዚህ ማንኛውም ፎንት፣ ማንኛውም ኮምፒውተር ሶማልኛን ይጽፋል። በሥዕል ማሸግ በዚህ ቋንቋ ላይ አንድም ቀን ምክንያት ኖሮት አያውቅም። ሶማልኛው ፎቶ የሆነው ከአማርኛው ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ወጥመድ ግን አለው፤ ይኸውም ጭረቷ (') ናት። በሶማልኛ ትንሿ ጭረት በቃል መካከልም ሆነ በመጨረሻ የምትገባ፣ የራሷ ድምፅ ያላት ናት። ስልኩ ቀጥ ያለችውን ሲጽፍ ኮምፒውተሩ የተቆለመመችውን ያስገባል፤ ለዐይን አንድ ይመስላሉ፣ ለፍለጋ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ይባስ ብሎ በጥንቃቄ ያልተሠራ የምዝገባ ቅጽ ቀጥ ያለችውን ጭረት እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ የዳታቤዙን ሥራ ሊያፈርስ ይችላል። ስማቸው ውስጥ ጭረት ያለ ሰዎች በሚመዘገቡበት ከተማ ይህ ከቀለም ምርጫ በፊት መፈተሽ ያለበት ነገር ነው።

ዐረብኛ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፊደሉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሆሄው እንደ ቦታው ቅርጹን እየለወጠ ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል። አሮጌ የፎቶሾፕ ቅጂዎች፣ የመካከለኛው ምሥራቅ እትም ካልሆኑ በቀር፣ ሆሄያቱን በታትነውና ገልብጠው ነው የሚያስቀምጡት። ዐረብኛ የማያነብ ዲዛይነር ስሕተቱን አያየውም፤ የቁርኣን ቤት ልጅ ግን በአንድ እይታ ይይዘዋል። በነፃ የሚገኙት ኢንክስኬፕና ጂምፕ በዚህ ረገድ የተሻሉ ናቸው፤ ሁለቱም የሚጠቀሙበት የጽሑፍ ሞተር ዐረብኛን በትክክል ያያይዛል። ብሮውዘር ከሁሉም ይበልጣል። ለአንቀጹ ቋንቋውንና አቅጣጫውን የሚነግር አጭር መለያ ከተጻፈለት ቀሪውን ራሱ ይሠራዋል።

  

ወደ ክብደት እንምጣ። ዩኒኮድ በድረ ገጽ ላይ በሚጻፍበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት፣ የዐረብኛ ሁለት፣ የሶማልኛ ላቲን አንድ ባይት ይወስዳል። ሁለት ሺህ ሆሄ ያለው የአማርኛ ማስታወቂያ ስድስት ኪሎባይት ገደማ ነው ማለት ነው። ያው ማስታወቂያ ለስልክ ስክሪን በሚበቃ መጠን ጄፔግ ሲሆን ከ200 እስከ 400 ኪሎባይት መሆኑ የተለመደ ነው፤ ከሠላሳ እጥፍ በላይ። በዳታ ጥቅል ለሚኖር አንባቢ ልዩነቱ የኪስ ጉዳይ ነው። ፎቶ ራሱ ግድ ሲሆን ዌብፒ የተባለው ቅርጸት ይረዳል፤ ጉግል ከጄፔግ ከ25 እስከ 34 በመቶ እንደሚያንስ ይገልጻል። ጄፔግ ለፎቶግራፍ እንጂ ለፊደል የተሠራ አለመሆኑም አይዘነጋ። ሲጨመቅ በሆሄያቱ ጠርዝ ላይ ጭጋግ ይተዋል፤ ቡ እና ቢ፣ ሉ እና ሊ የሚለዩት በትንሽ ቅጥያ ነውና አማርኛው ከላቲኑ ቀድሞ ይበላሻል።

ጽሑፉን ጽሑፍ አድርጎ ማቆየት ብቻውን አይበቃም። አብዛኛው የድረ ገጽ ቅንብር ለላቲን ተሠርቶ በግዕዝ ላይ የተጫነ ነው። ዲዛይነሩ ርእሶችን ሁሉ በትላልቅ ሆሄያት እንዲሆኑ ሲያዝ ሶማልኛው ይገዝፋል፤ አማርኛው ታላቅና ታናሽ ሆሄ ስለሌለው ባለበት ይቀራል፤ በአንድ ገጽ ላይ አንዱ ቋንቋ የሚጮህ ሌላው የሚያንሾካሹክ ይመስላል። ደማቅ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። አቢሲኒካ ደማቅ ቅርጽ ስለሌለው ብሮውዘሩ ቀጭኑን በሰው ሠራሽ መንገድ ያወፍረዋል፤ የጨ እና የጠ ክፍተቶች ይደፈናሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ እጅግ ወፍራም ደረጃዎች ስላሉት ለርእስ እርሱን መምረጥ ይሻላል። ለገጹ ሐተታ ግን ምንም ፎንት አለመጫን፣ ስልኩ ላይ ያለውን መጠቀም የተሻለ ነው የሚለው አቋም በዚህ ጸሐፊ ዘንድ ጠንካራ ነው። የፊደሉን መጠን በየቋንቋው ለይቶ ማዘዝ ይቻላል፤ ለሶማልኛው የሚበቃው መጠን ለአማርኛው ትንሽ ነው።

በሲቲ ዞን ቆላ፣ በሺንሌና በደወሌ መንገድ ላይ ስልክ የሚነበበው ብዙ ጊዜ ፀሐይ ላይ ነው። በነጭ ላይ የሰፈረ ፈዛዛ ግራጫ ፊደል በቢሮ ሞኒተር ላይ ዘመናዊ ይመስላል፤ እዚያ ግን አይታይም። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመዘኛ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 ንጽጽር ይጠይቃል። ለዚህ አካባቢ ይህ ዝቅተኛው ወለል ነው።

ሥዕል ሥዕል መሆን ያለበት ቦታ አለ፤ አርማ ከሁሉ ይቀድማል። የሶማሌ ክልል ሰንደቅ ዓላማ ታሪክ እዚህ ላይ ሳይታሰብ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። እስከ 2010 ዓ.ም. የአመራር ለውጥ ድረስ ሰንደቁ ላይ ግመል ነበረ፤ ከለውጡ በኋላ ኮከቡ ተመለሰ። ውሳኔው ፖለቲካዊ ነው፤ የግራፊክስ ባለሙያ ግን ሌላም ነገር ያይበታል። በብሮውዘር ትር ላይ ለአርማ የሚሰጠው ቦታ በመሠረቱ አሥራ ስድስት በአሥራ ስድስት ፒክስል ነው። ኮከብ እዚያ ውስጥ ኮከብ ሆኖ ይቀራል፤ አራት እግር፣ አንገትና ሻኛ ያለው ግመል ግን ነጠብጣብ ይሆናል። ግመል በአርማው ያለው የወተት ነጋዴ ወይም የትራንስፖርት ድርጅት ሁለት አርማ ያስፈልገዋል፤ ለባነር ሙሉው፣ ለስልክ የግመሉ ጭንቅላት ብቻ። ሁለቱም በኤስቪጂ ቅርጸት ቢቀመጡ ከቢልቦርድ እስከ ስልክ ሳይደበዝዙ ያገለግላሉ። ከዎርድ ሰነድ የተቀዳ፣ ነጭ ሳጥን የተከተለው አርማ በባለቀለም መደብ ላይ ተለጥፎ ማየት በአገሪቱ ሁሉ የተለመደ ነው፤ ጅግጅጋም ከዚህ አላመለጠችም።

የፕሮግራም ምርጫ እዚህ ላይ ነው ተገቢ ቦታውን የሚያገኘው፤ ከገንዘብም አይለይም። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2013 ፕሮግራሞቹን በየወሩ በሚከፈል ኪራይ ብቻ ለመስጠት ወሰነ። ኪራዩ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው፤ ያ ካርድ በማተሚያ ቤቱ ባለቤት ኪስ የለም። ስለዚህ ክራክ የተደረገ አሮጌ ፎቶሾፕና ኮረል ይነግሣሉ፤ ከነሱም ጋር ቫይረሱና የተበታተነው ዐረብኛ። ካንቫ ይህን ክፍተት ሞልቷል፤ ፈጣን ነው፣ በስልክም ይሠራል። ነገር ግን ሰው ከእርሱ የሚያወጣው ዘወትር ያንኑ ፎቶ ነው፤ አሮጌውን ልማድ አቀላጠፈው እንጂ አልለወጠውም። ፊግማ ገጽ ለማቀድ ግሩም ሲሆን የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ዎርድፕሬስ ለሦስት ቋንቋ ድረ ገጽ በቂ ነው፤ በላዩ የሚጫኑት ገጽ ገንቢ ፕለጊኖች ግን ለአንድ አንቀጽ የማያስፈልግ የኮድ ክምር ያስከትላሉ። የጨረታ ማስታወቂያና የስልክ ማውጫ ብቻ ለሚይዝ የመሥሪያ ቤት ገጽ በእጅ የተጻፈ ጥቂት ኤችቲኤምኤል ከሁሉም ይቀላል። በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ሊሠራው ይችላል።

ግራፊክስ የሌለው ዲዛይን ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በኋላ ሸበሌ ባንክ የሆነው የሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ከቤልካሽ ኩባንያ ጋር ያስፋፋው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ሄሎካሽ፣ በኮከብና በመሰላል ምልክት በሚከፈት የጽሑፍ ዝርዝር በተራ ስልክ ላይ ገንዘብ አንቀሳቅሷል። አርማ የለም፣ ቀለም የለም፤ ቁጥርና አጭር ቃል ብቻ። የዚህ ዝርዝር መስኮት በአንድ ጊዜ የሚይዘው 182 የላቲን ሆሄ ነው፤ በዩኒኮድ ከተላከ ደግሞ 80 ብቻ። አንድ ዝርዝር በሶማልኛ ከአማርኛው እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ያገኛል ማለት ነው፤ ስለዚህ የአማርኛውን ቃል የሚመርጠው ሰው በቃላት ቁጠባ የሠለጠነ መሆን አለበት። የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲጀምር ሶማልኛን ከቋንቋዎቹ አንዱ ማድረጉም፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ሶማልኛ ከፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን መወሰኑም፣ ባለ ብዙ ፊደል ገጽ የጅግጅጋ ብቻ ጉዳይ ሆኖ እንደማይቀር ያሳያሉ።

ለፎቶው ማስታወቂያ ተከራካሪ አይጠፋም፤ ሙግቱም ሚዛን አለው። ፎቶ ከቴሌግራም ወደ ዋትስአፕ ሳይበላሽ ይሻገራል፤ ኔትወርክ በሌለበት ይነበባል፤ ማኅተሙ ስላለበት ይታመናል። ስለዚህ ፎቶው ይቅር ማለት ከንቱ ነው። ጽሑፉን ከፎቶው ሥር ደግሞ መለጠፍ፣ በድረ ገጹም ላይ ለፎቶው አማራጭ መግለጫ መጻፍ ግን ከማተሚያ ቤቱ ፋይል ቀድቶ ከማስገባት ያለፈ ድካም የለውም። ችግር የሚመጣው ፋይሉ በፓወር ግዕዝ አሮጌ ኮድ የተተየበ ሲሆን ነው፤ ሲቀዳ የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። ከመጀመሪያው በዩኒኮድ መተየብ የማተሚያ ቤቱ ድርሻ ነው፤ ውል ሲፈጸምም በግልጽ ሊጠየቅ ይገባል።

በማስታወቂያው ላይ ቀኑስ በየትኛው አቆጣጠር ይጻፍ? በጅግጅጋ የኢትዮጵያው፣ የአውሮፓውያኑና የሂጅራው ሦስቱም በሥራ ላይ ናቸው። የዛሬዎቹ ብሮውዘሮች ጃቫስክሪፕት አንዱን ቀን ወደ ሦስቱም አቆጣጠር ራሱ ይለውጣል፤ ተጨማሪ ፕሮግራም አያስፈልግም። የሂጅራው በሥሌት የሚወጣ በመሆኑ ጨረቃ ከታየችበት ቀን በአንድ ቀን ሊለይ ይችላልና ለበዓል ማስታወቂያ አይታመንም። ሰዓት ግን ገና አልተፈታም። በእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ላይ ጠዋት 8:00 የተባለ የጨረታ መክፈቻ በአማርኛው ገጽ ከጠዋቱ 2:00 ሰዓት ነው፤ ይህን ከንጋት የሚጀምር አቆጣጠር የሚያውቅ የብሮውዘር ተግባር የለም፤ ስድስቱን ሰዓት የሚቀንስ አጭር ኮድ ዲዛይነሩ ራሱ መጻፍ ይኖርበታል።