የፌሪዎች መንግሥትና የተነጠቀው ልጅ

በእንግሊዝና በስኮትላንድ ተረቶች ውስጥ «ፌሪ» የሚባለው ፍጥረት መልአክም ጋኔንም አይደለም። ከሰው ጎን ለጎን፣ በኮረብታ ሥር ወይም በጫካ ውስጥ የሚኖር፣ የራሱ ንጉሥና ንግሥት፣ የራሱ አደባባይና ሕግ ያለው ስውር ማኅበረሰብ ሆኖ ይተረካል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ሔዋን ከ30 ልጆቿ መካከል መልከ መልካሞቹን 15 ልጆች ከፈጣሪ ፊት ሸሸገች፤ የተሸሸጉትም ዛር ሆነው ቀሩ የሚለው አፈ ታሪክ የታወቀ ነው። የአይስላንድ ሰዎችም ስለ ስውራን ወገኖቻቸው አመጣጥ ይህንኑ የሚመስል የሔዋን ታሪክ ማውራታቸው የሚያስገርም ነው።

እንዲህ ያለው ድርሰት በክፍል ውስጥ ሲቀርብ ተማሪው የነገሥታቱን ስምና የአስማቱን ዓይነት እንዲዘረዝር መጠየቁ የተለመደ ነው። ዝርዝሩ ቢጠናም የድርሰቱ ቁም ነገር ሳይነካ ይቀራል። የፌሪ ሕግ ጠባይ በሚገባ የሚታወቀው ሕጉ በማን ላይ እንደሚወድቅ ሲመረመር ነው፤ በአብዛኛውም የሚወድቀው ከሰው ወገን በተነጠቀው ልጅ ላይ ነው።

«ታም ሊን» የተባለው የስኮትላንድ የትረካ ግጥም ስሙ እ.ኤ.አ. በ1549 በወጣ ጽሑፍ ላይ ተጠቅሶ ይገኛል፤ ይበልጥ የታወቀው ቅጅ ግን ሮበርት በርንስ አዘጋጅቶት በ1796 የታተመው ነው። ታም ሊን ከፈረስ ወድቆ ሳለ በፌሪዎች ንግሥት እጅ የገባ ጎልማሳ ነው። ኑሮው ተመችቶታል፤ ይሁን እንጂ ፌሪዎች በየ7 ዓመቱ ለሲኦል ግብር ስለሚከፍሉ የዚያ ዓመት ግብር እርሱ እንዳይሆን ይሰጋል። ከእርሱ ለፀነሰችው ለጃኔት የማምለጫውን መንገድ የሚያስተምራትም ራሱ ነው፤ ይኸውም በቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ፣ በእኩለ ሌሊት፣ ሰልፈኞቹ ሲያልፉ ጥቁሩንና ቡናማውን ፈረስ አሳልፋ ከነጩ ፈረስ ላይ ጎትታ እንድታወርደው፣ እባብም ሆነ አንበሳ ወይም የጋለ ብረት ቢሆንባት እንዳትለቀው ነው። ይህን ከፈጸመች በኋላ ንግሥቲቱ ትቆጣለች እንጂ ልታስመልሰው አትችልም፤ ሕጉ እርሷንም ያስራታልና። የግጥሙ ኃይል እስረኛው የአሳሪዎቹን ሕግ ከእነርሱ ባላነሰ ጠንቅቆ በማወቁ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1600 በታተመው በሼክስፒር «የበጋ ሌሊት ሕልም» ግን ልጁ የዚህን ያህል ዕድል አላገኘም። ንጉሥ ኦቤሮንና ንግሥት ቲታንያ የሚጣሉት በአንድ ሕንዳዊ ሕፃን ምክንያት ነው። እናቱ የቲታንያ አገልጋይ ነበረች፤ በወሊድ ስለ ሞተች ንግሥቲቱ ለሟች ወዳጇ ስትል ታሳድገዋለች። ኦቤሮን ደግሞ ለጭፍራው ይፈልገዋል። በጠባቸውም ወንዞች ሞልተው ያጥለቀልቃሉ፤ እህል ሳያሽት ይበሰብሳል፤ ወቅቶች ቦታቸውን ይለዋወጣሉ። ገበሬው የሚከስረው በማያውቃቸው ነገሥታት የቤት ጠብ ነው። የአበባው ጭማቂ የሚሠራበት ሕግም ጥብቅና ዕውር ነው። በተኛ ሰው ዓይን ቆብ ላይ ከተጨመቀ ሰውየው ሲነቃ መጀመሪያ ያየውን ያፈቅራል፤ ተላላኪው ፐክ በስሕተት በሌላው አቴናዊ ዓይን ላይ ሲያፈስሰውም ጭማቂው ሰው ሳይመርጥ ሥራውን ይሠራል። ቲታንያ የአህያ ራስ ያበቀለ ሸማኔ አፍቅራ በደነዘዘችበት ሰዓት ኦቤሮን ሕፃኑን ጠይቆ ይወስዳል፤ ተመልካቹም እየሳቀ ያልፈዋል። የሁሉ ነገር መነሻ የሆነው ልጅ ግን በተውኔቱ ጽሑፍ ውስጥ ከመድረክ አይወጣም፤ አንዲት ቃልም አይናገርም። አንዳንድ አዘጋጆች ሕፃኑን ዝም ብሎ እንዲታይ በመድረክ ላይ ማቅረባቸው ይህ ጉድለት ተሰምቷቸው ይመስላል። ፍጻሜው የዕርቅና የሠርግ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ወደ ማን መሄድ እንደሚወድ የጠየቀው የለም፤ ደራሲውም አልጠየቀም።

እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ታውንሴንድ ዋርነር በእርጅናዋ ዘመን የጻፈቻቸውና እ.ኤ.አ. በ1977 «የኤልፊን መንግሥታት» በሚል ርእስ በመጽሐፍ የወጡት አጫጭር ልቦለዶች ጉዳዩን በሌላ ዓይን ያዩታል። እዚህ የሚገዙት ንግሥታት ናቸው። ፌሪዎቹ ሁሉ ክንፍ አላቸው፤ ሆኖም መብረር የሎሌ ሥራ ስለሆነ መኳንንቱ ይጸየፉታል። ለዘመናት ይኖራሉ፤ ነፍስ ስለሌላቸው ግን ሞታቸው የመጨረሻ ነው። ደራሲዋ ይህን ሁሉ የምትጽፈው የአንድን አሮጌ ቤተ መንግሥት ደንብ እንደሚመዘግብ ጸሐፊ ነው። ቅዝቃዜዋ አልፎ አልፎ ይከብዳል፤ አንባቢ የሚወደው ሰው ፈልጎ የሚያጣባቸው ገጾች አሉ። ይኸው ቅዝቃዜ «አንደኛውና ሌላኛው» በተባለው ልቦለድ ውስጥ ግን ዋጋውን ያገኛል። ከሰው ቤት የተሰረቀው ቲፋኒ ዕድሜው እንዲረዝም የሰው ደሙ ተቀድቶ መድኃኒት ይደረግለታል፤ በምትኩም አዳም የሚባል የፌሪ ልጅ በሰው አልጋ ላይ ይተኛል። ቲፋኒ ውብ በሆነበት ዘመን ሁሉ ይሞካሻል። ሽበት ሲወጣበት ደንቡ በሚያዝዘው መሠረት ከቤተ መንግሥቱ ይባረራል። የሚያለቅስለትም የሚቆጣለትም የለም። ዋርነር ግን ከበሩ ውጭ ተከትላው ትሄዳለች፤ ሼክስፒር ለሕንዳዊው ሕፃን ያላደረገለት ይህንኑ ነው።