«ኦ!» ብሎ የሚያለቅስ ማን ነው?

የእንግሊዝኛ ሰዋስው የተማርን ሁሉ ስምንቱን የንግግር ክፍሎች በቃላችን አጥንተናል። ከስም ተነሥተን፣ በግስና በቅጽል አልፈን፣ በመጨረሻ የምናገኘው «ኢንተርጀክሽን» የተባለውን፣ በእኛ ሰዋስው ቃለ አጋኖ የምንለውን ነበር። መምህሩም ሰዓቱ አልቆበት ይሁን ነገሩን ንቆት፣ «አላስ» ለሐዘን፣ «ሁሬይ» ለደስታ፣ «ኦ» ለሁለቱም ይሆናል ብሎ ያልፈዋል። ደንቡ አጭር ነው፤ ቃለ አጋኖ ድንገተኛ ስሜትን ይገልጻል፣ ከዐረፍተ ነገሩ ጋር ግን ሰዋስዋዊ ዝምድና የለውም። በበኩሌ የዚህ የጥድፊያ ትምህርት ዳፋ እስከ ትርጉም መጻሕፍታችንና እስከ ልቦለዶቻችን ድረስ ተከትሎናል ባይ ነኝ።

ቃለ አጋኖ ከጥንትም የተናቀ ነው። የላቲን ስሙ «በመካከል የተወረወረ» ማለት ነው። የግሪክ ሰዋስው ሊቃውንት ከተውሳከ ግስ ጋር አዳብለው ይቆጥሩት ነበር። ላቲን የግሪክኛው ዓይነት «አርቲክል» ስለሌለው ከስምንቱ አንዱ ቦታ ባዶ ቀረ፤ ሮማውያኑም ቃለ አጋኖን ራሱን አስችለው በዚያ አስቀመጡት። እንግሊዝኛም ቁጥሩን እንዳለ ወረሰ። በ18ኛው መቶ ዘመን ሆርን ቱክ የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ ደግሞ ቃለ አጋኖን ከፈረስ ማሽካካትና ከውሻ ጩኸት ጋር መድቦ ከቋንቋ አጥር ውጭ አባረረው።

ቴአትሩ ግን ከሰዋስው ሊቃውንቱ ጋር አይስማማም። ሌዲ ማክቤዝ በሌሊት፣ በእንቅልፍ ልቧ እየተመላለሰች የእጇን ደም ስታሸት፣ ሼክስፒር በአፏ ያስቀመጠላት «ኦ»ን ሦስት ጊዜ ነው። አጠገቧ ያለው ሐኪም የሚሰማው ግን ቃል ሳይሆን ከባድ ትንፋሽ ነው፤ ይህንንም በአንደበቱ ይናገራል። እንግዲህ ያ ፊደል ተዋናይዋ እንድታነበው የተጻፈ አይደለም። ደራሲው ለእሷ ትንፋሽ የተወላት ቦታ ነው። ሐምሌትም እ.ኤ.አ. በ1623 በታተመው ጥራዝ የመጨረሻ ንግግሩን ከጨረሰ በኋላ አራት ጊዜ «ኦ» ብሎ ይሞታል። ቀደም ሲል በ1604 እና በ1605 በታተመው ቅጂ ግን አራቱ «ኦ»ዎች የሉም፤ ብዙ የኋላ ዘመን አዘጋጆችም ይተዉአቸዋል። ለአንባቢ የማይረቡ አራት ፊደላት ለተዋናይ የአንድ ሰው ነፍስ መውጫ ናቸው።

ቃለ አጋኖ የገጸ ባሕርይም መታወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1606 የወጣ የእንግሊዝ ሕግ በመድረክ ላይ የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ የሚጠራን ተዋናይ አሥር ፓውንድ ይቀጣ ነበር። ውጤቱን በኦቴሎ ላይ እናየዋለን። በ1622 በታተመው ቅጂ ኢያጎ ንግግሩን የሚጀምረው «በእግዜር ደም» የሚለው መሐላ በተኮማተረበት አንዲት ቃል ነው። በ1623ቱ ጥራዝ ቃሏ ተሰርዛለች። ትርጉሙ አልተጓደለም፤ ሰውየው ግን ተለውጧል። የፊተኛው ኢያጎ አፉን ሲከፍት የወታደር ሰፈር ይሸታል። የኋለኛው አንደበቱ የታጠበ ሰው ነው።

ለተርጓሚ የሚከብደው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። እንግሊዛዊው «አላስ» ሲል ሥሩ ከላቲን «የደከመ» ከሚል ቃል በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ መሆኑን አያስብም። እኛም ጉድ ስንሰማ «አበስኩ ገበርኩ!» ስንል በግዕዝ በደላችንን እየተናዘዝን መሆኑን አናስብም። ሁለቱም ትርጉማቸው ተረስቶ ስሜታቸው የቀረ ቃላት ናቸው። በመዝገበ ቃላት ብቻ የሚሠራ ተርጓሚ ወጥመድ ውስጥ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው። የእግዚአብሔርን ስም ላለመጥራት ተድበስብሶ የወጣውን የእንግሊዝኛውን የግርምት ቃል በድምፁ ልጻፈው ቢል «ጎሽ!» ይሆንበታል፤ የደነገጠው ሰውዬም አመስጋኝ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ከሁሉ የከፋው ግን «ኦ» ነው። እንግሊዝኛ ራሱ ሁለቱን ይለያል፤ አንዱ «ኦ» መጥሪያ ነው፣ በአንድ ፊደል ይጻፋል፣ የሚጠራውም ስም ወዲያው ይከተለዋል። ሌላው «ኦ» የስሜት ነው፤ በሁለት ፊደል ይጻፋል፣ ከቀሪውም በነጠላ ሰረዝ ይለያል። በእኛ ፊደል ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። በዚያ ላይ «ኦ» ለእኛ ባዳ አይደለም። በግዕዝ የመጥሪያ ድምፅ ነው፤ «እግዚኦ» ስንል መጨረሻው ላይ ያለው እሱው ነው። የአማርኛ አንባቢ «ኦ»ን ሲያይ ጆሮው የሚያዘነብለው ወደ ጸሎት ነው። ቡና የፈሰሰባት ሴት «ኦ!» ስትል ያነበበ ሰው ቅዳሴ ውስጥ የገባ ቢመስለው አይፈረድበትም። «ውይ!» ብትል ግን ቡናው ይታየዋል።

በፊደል የማይያዙ ድምፆችም አሉ። እንግሊዞች ምላሳቸውን ከጥርሳቸው ሥር አጣብቀው የሚያሰሙትን ድምፅ «ተት ተት» ብለው ይጽፉታል፤ በአብዛኛው ነቀፌታ ነው። ይህን ያየ ተርጓሚ የሚቀርበውን ፈልጎ «ከንፈሩን መጠጠ» ቢል ተሳሳተ። በእኛ ዘንድ ከንፈር የሚመጠጠው ለሐዘኔታ ነው። ወቃሹ ዳኛ አዛኝ ጎረቤት ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈርደው ፍርድ ሁሉ ግራ ያጋባል።

አሁን ወደዚያ የትምህርት ቤት ደንብ ልመለስ። ቃለ አጋኖ ከዐረፍተ ነገሩ ጋር ዝምድና የለውም ይላል። ለእንግሊዝኛው ያስኬድ ይሆናል፤ ለአማርኛ ግን አይሠራም። ልጇ የሞተባት እናት «ወይኔ ልጄን!» ትላለች። ይህችን «ን» ምን አመጣት? ተሳቢ አመልካች ናት፤ ተሳቢ ደግሞ ግስ ይሻል። በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን ግስ የለም። የግሱን ሥራ የያዘው «ወይኔ» ራሱ ነው። ሐዘኑ ልጁን ይስበዋል። «ወዮ» እንደዚሁ ሰው ይለያል፤ ወዮልህ፣ ወዮልሽ፣ ወዮላችሁ እንላለን። «እፎይ»፣ «እሰይ»፣ «ኡኡ» ደግሞ «አለ»ን ተደግፈው በጊዜና በመደብ ይረባሉ። በአማርኛ ቃለ አጋኖ የቤቱ ሰው ነው። ያቺን እናት «ኦ፣ ልጄ!» ያሰኘ ተርጓሚ አንዲት ቃል ብቻ የለወጠ ይመስለዋል፤ የወሰደባት ግን ልቅሶዋን ነው።

የባዕድ ቃል ይውጣ ማለቴ አይደለም። የአዲስ አበባ ወጣት «ዋው» ይላል፤ ስለ እሱ የሚጽፍ ደራሲም «ዋው» ማሰኘት አለበት፤ «እሰይ» ቢያሰኘው ይዋሻል። ነቀፌታዬ ስለ ገበሬው፣ ስለ ባልቴቷና ስለ ጥንቱ መኳንንት ነው። እነሱን በፊልም ቋንቋ የሚያስደነግጡ ልቦለዶች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዱ ደግሞ ስሜቱ እንደጎደለ ሲገባው በትእምርተ አንክሮ ያካክሳል፤ ሦስት አራቱን ይደረድራል። ምልክቱ ግን የሌለውን ጩኸት አያመጣም።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ ሲመልስ የተሸከመው ፈተና ስንኙ ብቻ አልነበረም፤ እነዚህ ፊደል የማይሞሉ ትንፋሾችም ነበሩ። ዛሬ ለሚተረጉሙና ለሚጽፉ ወገኖች የምመክረው ቀላል ነገር ነው። ቃለ አጋኖው ዘንድ ስትደርሱ መዝገበ ቃላቱን ዝጉ። የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ፣ ዕድሜውን፣ አገሩን፣ ከፊቱ የቆመውን ሰው አስቡ። ከዚያም እግሩን እንቅፋት ሲመታው፣ ወይም መርዶ ሲነገረው፣ ሳያስብ ከአፉ የሚወጣው ድምፅ ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ጮክ ብላችሁም በሉት። ሰው የተማረውን ቋንቋ ሁሉ አሳምሮ ሊናገር ይችላል፤ ሲደነግጥ ግን የሚጮኸው በእናቱ ነው።