ጆሮና ዋጋ፦ በአራት የጆሮ ውስጥ ማዳመጫዎች ላይ የቀረበ ሒሳዊ ንጽጽር

ሙዚቃ ከተጫዋቹ ጣትና ጉሮሮ ተነሥቶ ወደ አድማጩ ልቡና እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። ድምፁን የሚቀርጸው ባለሙያ፣ ቅጂውን የሚያባዛው አሳታሚ፣ በመጨረሻም ድምፁን የሚያሰማው መሣሪያ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ይጨምሩበታል ወይም ይቀንሱበታል። የሙዚቃ ሒስ ስለ ዜማውና ስለ ግጥሙ፣ ስለ አቀናባሪውና ስለ ድምፃዊው ብዙ ሲናገር የኖረ ቢሆንም፣ የመጨረሻውን አገናኝ፣ ማለትም መሣሪያውን፣ ለነጋዴ ማስታወቂያ ትቶታል። ዛሬ ግን ብዙ አድማጭ ሙዚቃን የሚሰማው በአዳራሽ ሳይሆን በጆሮው ቀዳዳ ውስጥ በሚሰካ ትንሽ ማዳመጫ ነው። ከእነዚህም መካከል ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ የሚሸጡ አሉ። ስለዚህ ሒስ ሊያነሣው የሚገባ አንድ ጥያቄ ቀርቧል፤ ይኸውም ዋጋው በጨመረ ቁጥር አድማጩ ወደ ሙዚቃው ይቀርባልን? የሚል ነው።

ከመድረክ ወደ ኪስ

የጆሮ ውስጥ ማዳመጫ በመሠረቱ የሥራ መሣሪያ ነው። በመድረክ ላይ የሚጫወት ሙዚቀኛ ከበሮውና የጊታሩ ማጉያ ሲያስገመግም የራሱን ድምፅ ለይቶ መስማት ይሳነዋል። ይህን ችግር ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ1995 ጄሪ ሃርቪ የተባለው የድምፅ ባለሙያ ለቫን ሄለን ቡድን ከበሮ መቺ ለአሌክስ ቫን ሄለን ማዳመጫ ሠራ፤ ከዚህም ሥራ አልቲሜት ኢርስ የተባለው ድርጅት ተወለደ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1991 ኢቲሞቲክ ሪሰርች የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ኢአር-4 የተባለውን ማዳመጫ ለአድማጭ አቅርቦ ነበር። እንግዲህ ዛሬ እንደ ጌጥ የሚታየው ዕቃ የተነሣው ከሁለት የሥራ ፍላጎቶች ነው፤ አንዱ ሙዚቀኛው ራሱን ይሰማ ዘንድ፣ ሁለተኛው አድማጩ ቅጂውን ሳይዛነፍ ይሰማ ዘንድ ነው።

የአሠራሩም ስልት በዋናነት በሁለት ይከፈላል። ዳይናሚክ በሚባለው ስልት በመግነጢስ ውስጥ የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል ስስ ገለፈትን እየገፋና እየሳበ አየሩን ያንቀሳቅሳል፤ የትልቁ ድምፅ ማጉያ ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። ባላንስድ አርማቸር የሚባለው ግን ለመስማት ለተቸገሩ ሰዎች ከሚሠራው የመስሚያ መርጃ የተወረሰ ሲሆን፣ በመግነጢሶች መካከል ሚዛኑን ጠብቆ የቆመ የብረት ምላስ ሲንቀጠቀጥ ንቅናቄውን በቀጭን ዘንግ ወደ ገለፈቱ ያስተላልፋል። የመጀመሪያው አየርን በብዛት ለመግፋት ይመቻል። ሁለተኛው ደግሞ እጅግ ትንሽ በመሆኑ ብዙዎቹን በአንድ ቀፎ ውስጥ ደርድሮ ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ማከፋፈል ያስችላል።

አራቱ ተነጻጻሪዎች

ለንጽጽሩ አራት ማዳመጫዎች ተመርጠዋል። የመጀመሪያው የጥንቱ ኢአር-4 ልጅ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ በ350 ዶላር ገደማ የወጣው ኢአር4ኤስአር ሲሆን፣ በውስጡ አንድ አርማቸር ብቻ ይዟል። ሁለተኛው የጀርመኑ ሴንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ2021 በ1,300 ዶላር ገደማ ያቀረበው አይኢ 900 ነው፤ ይህም ባለ 7 ሚሊ ሜትር አንድ ዳይናሚክ ሲኖረው ቀፎው ከአሉሚኒየም ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ሦስተኛው 64 ኦዲዮ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2,000 ዶላር ገደማ የሚሸጠው ዩ12ቲ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ጆሮ 12 አርማቸር ደርድሯል። አራተኛው የቻይናው ሙንድሮፕ እ.ኤ.አ. በ2021 በ80 ዶላር ገደማ ያወጣው አሪያ ነው፤ እርሱም አንድ ዳይናሚክ ብቻ አለው። በዋጋ ረገድ ሦስተኛው የአራተኛውን 25 እጥፍ ያህል ያስከፍላል ማለት ነው።

ለፈተናው ሁለት ቅጂዎች ይበቃሉ። አንደኛው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ስብስብ 11ኛ ቅጽ ሆኖ የወጣው የዓለሙ አጋ የበገና ሥራ ነው። በገና ለማንኛውም የድምፅ መሣሪያ ከባድ ፈተና ነው። አሥሩ የአንጀት አውታሮች ጥልቅና ወፍራም ድምፅ ሲሰጡ፣ ከአውታሩ ሥር የሚገባው እንዚራ የተባለው ቁራጭ ቆዳ ደግሞ በላዩ የማያቋርጥ እዝዝታ ያክልበታል። አንድ ማዳመጫ ጥልቀቱን ሰጥቶ እዝዝታውን ቢያደበዝዝ ወይም እዝዝታውን አጉልቶ ጥልቀቱን ቢያሳጣ በገናው በገና መሆኑ ይቀራል። ሁለተኛው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ሪከርድስ የታተመው የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ነው። በዚህ ሥራ ድምፃዊው፣ ሳክስፎኑ፣ ጊታሩና ቤዙ በጠባብ ስፍራ ተጠጋግተው ይሰማሉ።

ኢአር4ኤስአር በበገናው ላይ የእንዚራውን እያንዳንዱን ንዝረት ለይቶ ያሰማል፤ የጣቱ አነካክም ይታወቃል። ነገር ግን አውታሩ ከሳጥኑ የሚያወጣው ክብደት ይጎድለዋል። በማሕሙድም ዘፈን ድምፃዊው ፊት ለፊት ቆሞ ሲያንጎራጉር ቤዙ ይሰማል እንጂ አይመታም። ከዚህም በላይ ባለ ሦስት ድርብ ጎማው ወደ ጆሮ ጠልቆ ስለሚገባ ብዙ ሰው ለረጅም ሰዓት አይታገሠውም። ሐቀኛ፣ ግን ደረቅ መሣሪያ ነው።

አይኢ 900 በተቃራኒው ለበገናው ሥጋና ደም ይሰጠዋል። ወፍራሙ ድምፅ ሞልቶ ይወጣል፤ የእንዚራው እዝዝታም በላዩ ያበራል። ጉድለቱ በመካከለኛው ድምፅ ላይ ነው፤ ማሕሙድ ከባንዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፈገ ይመስላል። ድምፃዊው የዘፈኑ ማዕከል ለሆነበት ሙዚቃ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ዩ12ቲ ከሁሉም የሚበልጥበት ነገር መለየት ነው። የተጠጋጉትን መሣሪያዎች አንድ በአንድ እየለየ ለየራሳቸው ቦታ ይሰጣቸዋል፤ ወፍራሙም ድምፅ ከአርማቸር የማይጠበቅ ሙላት አለው። በጆሮ ውስጥ የሚታመቀውን የአየር ግፊት የሚያስተነፍሰው ክፍሉም ለረጅም ጊዜ ማዳመጥን ያቀልላል። ይሁን እንጂ የማሕሙድ ቅጂ በተቀረጸበት ጊዜ አብረው የተቀላቀሉትን ድምፆች ጨርሶ ሊያላቅቃቸው አይችልም፤ በቅጂው ላይ የሌለውን ማንም ማዳመጫ አይፈጥርም።

አሪያስ? በሚዛናዊነቱ የሚያሳፍር አይደለም። በገናው በገና፣ ማሕሙድም ማሕሙድ ሆኖ ይሰማል። የሚለየው ዝርዝሩ ሲደራረብ ነው፤ ሳክስፎኑና ጊታሩ በአንድነት ሲነሡ ጠርዛቸው ይደበዝዛል፣ የአውታሩም ድምፅ ወደ ዝምታ ሲወርድ መጨረሻው ቀድሞ ይጠፋል። ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው። 25 እጥፍ ነው የሚል ግን ጆሮውን ሳይሆን ደረሰኙን እያዳመጠ ነው።

ዋጋው ምን ይገዛል?

ይህን አስተያየት የሚደግፍ ጥናት አለ። የሩን ብሬባርት የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጽሑፍ 283 ማዳመጫዎችን ለክቶ ለወፍራሙ፣ ለመካከለኛውና ለቀጭኑ ድምፅ በሚሰጡት ሚዛንና በመሸጫ ዋጋቸው መካከል ተዛምዶ አለማግኘቱን ገልጿል። በእርግጥ ልኬት ሁሉን አይናገርም። ለጆሮ ውስጥ ማዳመጫ የሚያገለግለው ሰው ሠራሽ ጆሮ በከፍተኛው የድግግሞሽ ክልል አስተማማኝነቱ ይቀንሳል፤ የሰውም የጆሮ ቀዳዳ እንደ መልኩ ይለያያል። የጎማው ጫፍ በሚገባ ካልገጠመ ወፍራሙ ድምፅ ሾልኮ ስለሚጠፋ፣ ውዱ ማዳመጫ በማይስማማው ጆሮ ላይ ከርካሹ ሊያንስ ይችላል።

ታዲያ ከፍ ያለው ዋጋ የሚገዛው የቀፎውን ጥንካሬ፣ የሁለቱን ጆሮዎች ትክክለኛ መመሳሰል፣ ለጆሮ የሚሰጠውን ምቾትና ያንን የመጨረሻ የዝርዝር ጥራት ነው። በመድረክ ለሚኖር ሙዚቀኛ ወይም ለድምፅ ቀራጭ ይህ እንጀራው ስለሆነ ገንዘቡ አልባከነም። ለተራው አድማጭ ግን ከጥቂት መቶ ዶላር በላይ የሚጨመረው ገንዘብ በአብዛኛው የሚገዛው ክብርን ነው። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ኖሮ ታምቆ በስልክ የሚዞር ቅጂ በዩ12ቲ ቢደመጥ የሚጎላው ጉድለቱ ነው። በጥንቃቄ የታተመ ቅጂ በአሪያ ቢደመጥ ግን ሙዚቀኛው ይገኛል። ስለዚህ ለሙዚቃ የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ለቅጂው፣ ቀጥሎ ለማዳመጫው ይክፈል።

ከሁሉ በላይ ምትክ የሌለው መሣሪያ ጆሮ ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው የማዳመጥ ወሰን በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ሲሆን፣ ድምፁ ወደ 90 ዴሲቤል ከፍ ቢል ሰዓቱ ወደ 4 ይወርዳል። በዚህ ረገድ በሚገባ የሚገጥም የጆሮ ውስጥ ማዳመጫ የውጭውን ጫጫታ ስለሚከለክል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለማዳመጥ ያስችላል፤ ይህም በዋጋ ዝርዝር ላይ የማይጻፍ ትልቁ ጥቅሙ ነው።

የንጽጽሩ ፍርድ እንግዲህ የሚከተለው ነው። በፍጹም የድምፅ ጥራት ዩ12ቲ ይቀድማል፤ በገናን ለመሰለ ጥልቅ መሣሪያ አይኢ 900 ይመረጣል፤ ቅጂን ለመመርመር ኢአር4ኤስአር ታማኝ ምስክር ነው፤ በዋጋና በጥራት ሚዛን ግን አሪያን የሚስተካከለው የለም። ውዱ ማዳመጫ አድማጩን ወደ ሙዚቃው በጥቂቱ ያቀርበዋል፤ የሰለጠነና የተጠበቀ ጆሮ ግን ከዚያ አብልጦ ያቀርበዋል፤ እርሱም በገንዘብ የሚሸጥ አይደለም።