«አርጊ» ወይስ «ፔክቲን»? በአንድ የምግብ ቴክኖሎጂ ስያሜ ላይ የቀረበ ሒስ

ለምግብ ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ታስቦ ከተዘጋጀና ለአስተያየት ከደረሰኝ አንድ የስያሜ ረቂቅ ውስጥ «ፔክቲን» ከሚለው ቃል ትይዩ የተቀመጠው አማርኛ «አርጊ» የሚል ነው። ብያኔውም «ማርማላታን የሚያረጋ የፍራፍሬ ሙጫ» ይላል። ቃሉ አጭር ነው፤ ለአፍም ለጆሮም አይከብድም፤ የእርባታ ሥርዓቱም የተጠበቀ ነው። እኔም ብሆን ከዓመታት በፊት በአንድ የስያሜ ጉባኤ ላይ ይህንኑ ቃል ደግፌ ድምፄን ሰጥቻለሁ። ዛሬ ግን ስያሜውም ብያኔውም ሊታረሙ ይገባል የምልበትን ምክንያት ለአንባቢ ማቅረብ እወዳለሁ።

አስቀድሞ ለ«አርጊ» የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ተገቢ አይሆንም። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አንሪ ብራኮኖ እ.ኤ.አ. በ1825 ለዚህ ንጥረ ነገር ስም ሲያወጣ ቃሉን የቀዳው ከግሪክኛ ሲሆን፣ የመነሻው ትርጉም «የረጋ፣ የጠጠረ» ማለት ነው። ከግእዙ «ረግዐ» የወረስነው «ረጋ» ከዚህ ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ «እርጎ» የተወለደውም ከዚሁ ግስ ነው። እንግዲህ የረቂቁ አዘጋጆች የሠሩት ብራኮኖ የሠራውን በአማርኛ መድገም ነውና የቃሉን ሥር በመፈለጋቸው የሚወቀሱበት ምክንያት የለም።

ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ከግሪኮች በቀር «ፔክቲን» ብሎ ለሚጠራው ሕዝብ ሁሉ የቃሉ ውስጠ ትርጉም ድብቅ ነው። ሳይንሱ ስለ ነገሩ ያለው ዕውቀት ሲሰፋ ቃሉ አብሮ ሰፋ እንጂ አልተቃወመም። «አርጊ» ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ግልጥ ነው። የሰማው ሁሉ «የሚያረጋ» ብሎ ይረዳዋል፤ ከዚህ መረዳት የሚያወጣውም የለም። ስለዚህ ነገሩ በእርግጥ ያረጋልን? ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ፔክቲን በየብስ ዕፀዋት የሕዋስ ግድግዳ ውስጥና በሕዋስና በሕዋስ መካከል የሚገኝ፣ ጋላክቱሮኒክ አሲድ የተባለው የስኳር ዘመድ በረጅም ሰንሰለት እየተያያዘ የሚሠራው ውሑድ ነው። ፋብሪካዎች በብዛት የሚያወጡት ከብርቱካንና ከሎሚ ልጣጭ፣ እንዲሁም ጭማቂው ከወጣለት የፖም ቅሪት ነው፤ አሲድ በገባበት ሙቅ ውሃ ያሟሙታል፣ በአልኮል ያዘቅጡታል፣ ያደርቁታል፣ ይፈጩታል። የተገኘው ዱቄት በንጹሕ ውሃ ቢበጠበጥ ውሃውን ያወፍረዋል እንጂ አያረጋውም። ሰንሰለቱን ከሚሠሩት የአሲድ ክፍሎች ከግማሽ በላይ የሆኑት ሜቲል የተሸከሙ እንደሆነ ለመርጋት ብዙ ስኳርና በቂ ኮምጣጣነት ይሻል፤ ስኳሩና ሌላው ሟሚ ነገር በድምሩ ከ55 በመቶ ማለፍ አለበት። ሜቲል የተሸከሙት ከግማሽ በታች ከሆኑ ደግሞ ስኳሩ ቢያንስም ይረጋል፤ ነገር ግን ካልሲየም ያስፈልገዋል። ማርማላታ የሚሠሩ ሴቶች ይህን ኬሚስትሪ ሳይማሩ ያውቁታል። ከመጠን ያለፈ የበሰለ ፍሬ ብቻውን ሲሆን «አልይዝ አለ» ይላሉ፤ ጥቂት ጥሬ ፍሬ ይደባልቁበታል፣ ሎሚም ይጨምቁበታል። ፍሬ ሲበስል የሚለሰልሰው የገዛ ኢንዛይሞቹ ፔክቲኑን ስለሚሰባብሩት ነውና ልማዳቸው ትክክል ነው።

ከዚህ የሚብሰው የሚጠጣው ኮምጣጣ ወተት ጉዳይ ነው። በአሲድ የጎመዘዘ የወተት መጠጥ ሲሞቅ ፕሮቲኑ ይጓጉላል፤ ወደ ታችም ይዘቅጣል። ሜቲል የበዛበት ፔክቲን ሲጨመርበት የፕሮቲኑን ቅንጣቶች ሸፍኖ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይከላከላቸዋል። በረቂቁ ስያሜ ይህን ብንጽፈው «ወተቱ እንዳይረጋ አርጊ ተጨመረበት» ማለት ይሆንብናል። ተማሪ ይህን አንብቦ ቢስቅ የሚፈረድበት አይመስለኝም። እኔንም ድምፄን እንድለውጥ ያደረገኝ ይኸው ዐረፍተ ነገር ነው።

ታዲያ ሥሩን እንተወው ማለት አይደለም፤ ቦታውን እናስተካክል ማለቴ ነው። የረቂቁ ስሕተት የወገንን ስም ለአንድ አባል መስጠቱ ነው። ጄላቲንም ያረጋል፤ ከባሕር አረም የሚወጣው አጋርም ያረጋል። ሁሉም በየፊናቸው «አርጊ» ሊባሉ የሚችሉ ሲሆኑ ስሙን ፔክቲን ብቻውን ወሰደው። በበኩሌ ለወገኑ «ማርጊያ» የሚለውን አቀርባለሁ። ከዚሁ ሥር ደግሞ «አረጋጋ» ከሚለው ግስ «ማረጋጊያ» ይወጣልናል። እንግዲህ ፔክቲን በማርማላታ ውስጥ ማርጊያ ነው፤ በኮምጣጣው ወተት ውስጥ ማረጋጊያ ነው፤ በሌላም ቦታ ማወፈሪያ ብቻ ነው። አንዱ ሥር በአንድ ፊደል መደገም ብቻ ሁለቱን ተቃራኒ ሥራዎች ለይቶ ሲሰጠን፣ ይህን ሀብት ትቶ በ«አርጊ» ብቻ መወሰን ንፉግነት ነው።

«ሙጫ» የሚለው የብያኔው ቃል ከ«አርጊ» ይልቅ ያሳስበኛል። ሙጫ በአማርኛችን ከግራር የሚፈሰውም ነው፣ ወረቀት የምናጣብቅበትም ነው፤ ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣውም ማጣበቂያ በዚሁ ስም ይጠራል። ይህ የመጨረሻው የጄላቲን የቅርብ ዘመድ ነው። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚገኝ ፕሮቲን ሲሆን ፔክቲን ከዕፀዋት ብቻ የሚገኝ ነው። በዐቢይ ጾም ወራት በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን የከረሜላ ማሸጊያ ገልብጦ የሚያነብ ጿሚ፣ ወይም እንስሳው ምን እንደሆነና እንዴት እንደታረደ ማወቅ ግዴታው የሆነ ሙስሊም፣ መዝገበ ቃላት ከፍቶ ሁለቱንም «ሙጫ» ተብለው ቢያገኛቸው ምን ያድርግ? አንዱን ያለ በቂ ምክንያት ይተዋል፤ ሌላውን ሳያውቅ ይበላል። በአውሮፓ ማሸጊያ ላይ የሚታተመው «ኢ 440» የሚል ምልክትም ቢሆን ፔክቲን መሆኑን ለማያውቅ ሰው ከቁጥርነት አያልፍም። የዕፀዋትን ሙጫ ብቻ ለማለት ነው ቢባልም ነገሩ አይቀናም። የአብሽ ሙጫ ከሌላ ዐይነት ስኳሮች የተሠራ ነው፤ አብሽ የመታ ሁሉ እንደሚያውቀውም ይወፍራል፣ ይዝለገለጋል፣ ብቻውን ግን አይረጋም።

«የፍራፍሬ» መባሉም ብያኔውን ያጠበዋል። ካሮትና የስኳር ድንች ፔክቲን አላቸው፤ ለእኛ ደግሞ ቡና ይቀርበናል። የታጠበ ቡና በሚዘጋጅበት ጣቢያ ቀዩ ልጣጭ ከተላጠ በኋላ በፍሬው ላይ የሚቀረው ዝልግልግ ሽፋን ፔክቲን ይገኝበታል። ቡናው በገንዳ ውስጥ የሚቆየው ኢንዛይሞችና ደቂቅ ተሕዋስያን ይህን ሽፋን ሰባብረው በውሃ እንዲታጠብ እስኪያደርጉት ድረስ ነው። በዚያ ገንዳ ዙሪያ አንዳች ነገር እንዲረጋ የሚመኝ ሰው የለም።

ከዚህ በላይ ያልኩት ተቀባይነት ቢያገኝ መግቢያው እንዲህ ይሁን እላለሁ፦ «ፔክቲን፦ ስም። በዕፀዋት የሕዋስ ግድግዳና በሕዋሳት መካከል የሚገኝ፣ በሰንሰለቱ ላይ ጋላክቱሮኒክ አሲድ የሚበዛበት ውሑድ፤ በተለይ ከብርቱካንና ከሎሚ ልጣጭ እንዲሁም ከፖም ቅሪት ተለይቶ ወጥቶ በምግብ ውስጥ እንደ ሁኔታው በማርጊያነት፣ በማረጋጊያነት ወይም በማወፈሪያነት ያገለግላል።» ረዘመ የሚሉኝ ይኖራሉ። «ከዕፀዋት» የሚለውን እስካልነኩ ድረስ ቢያሳጥሩት አልቃወምም።

አጻጻፉን በተመለከተ «ፐክቲን» ከሚለው ይልቅ «ፔክቲን»ን የመረጥኩት «ፔኒሲሊን»ን በኃምስ ፊደል መጻፍ ከለመድን ወዲህ ሌላ ሥርዓት መፍጠር ስለማያስፈልግ ነው። «ጄላቲን» በ«ጄ» ይጀምር ወይስ በ«ዤ» የሚለውን ግን እኔም ገና አልቆረጥኩም።