ሰይፉ ብቻውን አይመታም፦ «ባልደርስ ጌት 3» በሒሳብ ሲመዘን

አንድ ጌም ሃምሳ ዓይነት መሣሪያ ቢደረድርና ተጫዋቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ቢያነሳ፣ አርባ ዘጠኙ ጌጥ ናቸው ማለት ነው። ምርጫው የውሸት ነው። የቤልጂየሙ ላሪያን ስቱዲዮስ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው «ባልደርስ ጌት 3» ከዚህ ወጥመድ አምልጧል ወይ? የእኔ መልስ፦ በሰይፍ በኩል አዎ፣ በአንድ አስማት በኩል ግን አላመለጠም። እስቲ አብረን እናስላው።

ጌሙ የተሠራው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ አምስተኛ እትም ሕግ ላይ ነው። አራት ጀግኖች ይዛችሁ ተራ በተራ ትዋጋላችሁ። ስትሰነዝሩ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወረወራል፣ የእናንተ ጭማሪ ይደመርበታል፣ ድምሩ የጠላትን የመከላከያ ቁጥር ከደረሰ ወይም ካለፈ መታችሁ ማለት ነው። ከዚያ የጉዳቱ ዳይስ ይወረወራል።

በሁለት እጅ የሚያዘው ትልቁ ሰይፍ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይወረውራል፣ ትልቁ መጥረቢያ ደግሞ አንድ ባለ 12። አማካያቸው 7 እና 6.5 ነው፤ ያው ተቀራራቢ። ጠባያቸው ግን ይለያል። ሰይፉ 12 የሚያወጣው ከ36 አንዴ ሲሆን መጥረቢያው ከ12 አንዴ ነው። ሰይፉ እርግጠኛ ሠራተኛ፣ መጥረቢያው ቁማርተኛ ነው በሉት። ጥሩ ሚዛን ማለት እንዲህ ነው፦ እኩል ማድረግ ሳይሆን የተለያየ ጥያቄ ማስነሳት።

ትልቁ ክርክር ያለው ግን «ግሬት ዌፐን ማስተር» በሚባለው ልዩ ችሎታ ላይ ነው። ይህን ችሎታ ስታበሩ ለመምታት ከምትወረውሩት ላይ 5 ይቀነሳል፤ ከመታችሁ ግን ጉዳቱ ላይ 10 ይጨመራል። ብዙዎች «በቃ፣ ሁሌ ይብራ» ይላሉ። እውነት ነው? ጭማሪዋ 7 የሆነ፣ ጉዳቷ በአማካይ 11 (7 ከዳይሱ፣ 4 ከጉልበቷ) የሆነ ሌዜልን እንውሰድ። በ20 የሚመጣውን ልዩ ጉዳት ለጊዜው እንተወው።

የጠላት መከላከያ 16 ከሆነ፣ ችሎታው ሳይበራ 60% ትመታለች፤ በአንድ ምት አማካይ ጉዳቷ 6.6 ነው። ሲበራ 35% ብቻ ትመታለች፣ ጉዳቱ ግን 21 ስለሚሆን አማካዩ 7.35 ይሆናል። መብራቱ ያዋጣል። መከላከያው 18 ሲሆንስ? 5.5 በ5.25። አሁን ደግሞ ባይበራ ይሻላል! ስለዚህ «ሁሌ» የሚለው መልስ ስህተት ነው።

የቡድን ስልት የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሻዶውኸርት «ብሌስ» የተባለውን አስማት ብትጥልላት፣ ሌዜል በየምቷ ባለ 4 ገጽ ዳይስ ይጨመርላታል፤ በአማካይ 2.5 ማለት ነው። በዚያው በ18 መከላከያ ላይ ሒሳቡ 6.9 በ7.9 ይሆንና እንደገና ይገለበጣል። ጌል ደግሞ «ግሪስ» የሚለውን አስማት ተጠቅሞ ወለሉን በቅባት ቢያረጥበውና መከላከያው 16 የሆነው ጠላት አንሸራትቶት ቢወድቅ፣ በቅርብ ያለችው ሌዜል ሁለት ዳይስ ወርውራ የተሻለውን ትወስዳለች። የመሳት ዕድሏ 65% በ65% ተባዝቶ 42% ገደማ ይሆናል፣ አማካይ ጉዳቷም ከ7.35 ወደ 12.1 ይዘላል። ቅባቱ ግን ወዳጅን ከጠላት አይለይም፤ ዘላ መሃሉ ከገባች እሷም ልትወድቅ ትችላለች።

ሰይፉ አልተቀየረም፤ የተቀየሩት ጓደኞቹ ናቸው። ድር ቢያብር የሚባለው እዚህ በቁጥር ይታያል። ጌሙን የምወደውም ለዚህ ነው፦ የአንዱ መሣሪያ ጥቅም በሌላው ውሳኔ ላይ ይንጠለጠላል።

«ሄስት» የሚባለው የማፍጠኛ አስማት ግን ይህን ውበት ያደበዝዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጠረጴዛው ሕግ ሄስት የሚጨምረው አንድ ምት ብቻ ነው። በጌሙ ግን ሙሉ ተግባር ይሰጣል። አምስተኛ ደረጃ ላይ በተራዋ ሁለቴ የምትመታው ሌዜል አራቴ ትመታለች። የጠላት መከላከያ 12 ይሁን 20፣ ሰይፍ ይሁን ቀስት፣ ሄስት ሁሉንም እኩል እጥፍ ያደርጋል። አስማቱ ሲያበቃ የሚመጣ ድካም አለ፤ ግን ውጊያው ከዚያ በፊት ካለቀ ምን ዋጋ አለው? «መቼ ልጠቀም?» ብሎ የሚያስጠይቅ መሣሪያ ተጫዋቹን ያሳስባል። «ሁሌም» ብሎ የሚመልስ ግን የሌሎቹን አስማቶች ቦታ ይቀማል።

ላሪያንም ችግሩ የገባው ይመስላል። በ2023 መጨረሻ በተጨመረው «ኦነር ሞድ» በተባለው ከባዱ የአጨዋወት ደረጃ፣ ከሄስት የሚገኘው ተጨማሪ ተግባር አንድ ምት ብቻ እንዲሰጥ ተደርጓል። ጥሩ እርማት ነው፤ ግን ወደ ከባዱ ደረጃ ለማይሄደው ለብዙው ተጫዋች ለምን ቀረበት?

እናንተ እስከዚያው ልትፈትሹት ትችላላችሁ። ጌሙ ጠላት ላይ ስታነጣጥሩ የመምታት ዕድላችሁን በመቶኛ ያሳያል። ያንን በአማካይ ጉዳታችሁ አባዙት፣ ችሎታውን አብርታችሁና አጥፍታችሁ አወዳድሩ። ከዚያ ሰይፍ ከመቀየራችሁ በፊት፣ ከጎናችሁ የቆመው ጓደኛ በዚህ ተራ ምን ሊያደርግላችሁ እንደሚችል እዩ።